አባቴ ወንድሜን ያመሰገነበት ችሎት

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፣ «ጋሽ ምላጭ» ነው የሚለው። እጁን አይተው እንዳይመስላችሁ፤ እጁማ ሲላጭህ እንቅልፍ የሚያስወስድ ነው። አፉን ነው። ስለሱ ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት ሰው ሁሉ ስለ ክሱ የየራሱን ስለሚያወራ ነው። አንዱ በካሳ ከበረ ይላል፣ አንዱ ልጁን ሸጠ ይላል። ኧረ ተዉ! እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ።

መጋረጃው እንዲህ ነው። ሱቃችን አንዲት ክፍል ናት፤ መሀሏን ጨርቅ ጋርደንባታል። ከጨርቁ ወዲያ አባባ ወንዶቹን ይላጫል፣ ከወዲህ እኔ ሴቶቹን እሠራለሁ፤ ሹሩባ እሠራለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስቀምጣለሁ። ከኋላ የምንተኛባት ጓዳ አለች። ሱቁ ከሄደ ቤቱም ሄደ ማለት ነው። እና ጨርቅ ዓይን ያግዳል እንጂ ወሬ አያግድም፤ እዚያ ወንበር ላይ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

ብዙውን ጊዜ የሚባለው ስለ ወንድሜ ነበር።

«ልጅህ እንዴት ነው?» ይለዋል ደንበኛው፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ።

«የቱ? ያ ዶማ? ምን ይሆናል! ይበላል፣ ይተኛል። እኔ ቆሜ እየዋልኩ እሱን እቀልባለሁ።»

«መጋዘን ገባ ሲሉ ሰምቼ?»

«ገባ። እግዜር ለመጋዘኑ ይዘንለት።»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይንከተከታል። ወንድሜ ራሱ በበሩ ከገባ አባባ አይምረውም፣ እንዲያውም ይብስበታል። «መጣ! ወንበሮቹን ያዙ፣ ሊሰብራቸው ነው!» ወንድሜ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ሲስቅ ደግሞ አንገቱን ይቀብራል። «ደህና ዋልክ አባባ» ይልና ወደ ጓዳ ያልፋል።

እውነቱን ልንገራችሁ። ወንድሜ መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት ነበር የሚነዳው፣ ያቺን ከፊቷ ሁለት ክንድ ያላትን ዕቃ ማንሻ መኪና። ደመወዝ የወጣ ዕለት ከስራ ሲመለስ፣ ሱቁ ባዶ እስኪሆን ይጠብቅና መስተዋቱ ስር ያለውን የፓውደር ቆርቆሮ ይከፍታል። ባዶ ነው፤ አባባ ሆን ብሎ ባዶውን እዚያ ያስቀምጠዋል። ገንዘቡን ጠቅልሎ ይከትና ይከድነዋል። አባባ ጀርባውን ሰጥቶ ወለሉን ይጠርጋል። «ይኸው» የለ፣ «ተባረክ» የለ። በነጋታው አባባ ቆርቆሮውን ያነሳና ለሱቁ አከራይ ሄዶ ይከፍላል፤ አከራዩም ጋሽ ምላጭ ሠርቶ ያመጣው ነው ብሎ ይቀበላል። የአባባ እግር ቆሞ ከመዋል ብዛት ሥሩ ተጠላልፏል፣ ከምሳ በኋላ መቆም አይችልም። ግማሽ ቀን ሠርቶ ኪራይ ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ያ ከፍ ዝቅ የሚለው ወንበር እንኳ ወንድሜ የገዛው ነው። አባባ ግን «በዱቤ አሮጌ ገዝቼ ዕዳው ሊገድለኝ ነው» እያለ ነበር ሰው የሚያስቀምጥበት።

ለምን ቢባል፣ እናቴ በሕይወት ሳለች ነግራኛለች። ከወንድሜ በፊት አንድ ልጅ ነበራቸው። ጉንጩ የሚገመጥ ዓይነት። አባባ ያኔ ወጣት ነው፣ ሱቁን ገና መክፈቱ ነው። ሕፃኑን ወስዶ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አስሮ፣ መስተዋቱ ፊት አድርጎ መንገደኛውን ሁሉ ጠራ። «እዩት ክንዱን! እዩት! ማነው እንዲህ ያለ የወለደ?» ሰው መጣ፣ አየ፣ አደነቀ። ልጁ ያን ሳምንት አተኮሰው፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። አባባ ግን ዓይን ነው አለ፣ የጠራሁትም እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሲወለድ «ዶማ»፣ እኔ ስወለድ «ምን ያለች አስቀያሚ ናት»። እስከ ዛሬም «ጅሎ» ነው የሚለኝ። ስጠራበት ደስ ይለኛል፣ ምን አስዋሸኝ።

ደግሞ አባባ ብቻውን አይደለም። እዚያ ወንበር ላይ ልጁን የሚያመሰግን ሰው ሰምቼ አላውቅም። ልጁ መሐንዲስ የሆነለት ሰው «ያው፣ ይውላል» ነው የሚለው። የመጋዘኑ ዘበኛ አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቶ፣ «ከየት ነው?» ቢሉት «ወድቆ አገኘሁት» አለ። ልጁ እንደገዛለት ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልክ አይሆን እንደሆን እለውጠዋለሁ ብሎ ተከትሎት የመጣው ራሱ ልጁ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ መደርደሪያው ብረት ነው፣ እስከ ጣሪያ ይደርሳል። የአንደኛው እግር ታጥፎ ነበር። ወንድሜ ለአለቆቹ ነግሯል፣ አብረውት የሚሠሩትም ነግረዋል፤ እሺ እሺ ብለው ተዉት። አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች የተጫነው ወረደበት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለቅሶ ላይ ሰው ልማዱን ሊያደርስ፣ «ምን ያለ ልጅ ነበር!» ሲል አባባ በእጁ ከለከለ። «ተዉ፣ ተዉ። አታንሱት።» ከሞተ በኋላ እንኳ ይጠብቀዋል! እኔ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አሁን ከምኑ ነው የምትጠብቀው አባባ እያልኩ በሆዴ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ የመጋዘኑ ድርጅት አንድ ሰው ላከ። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደ ተላጭ ተቀመጠና የቀብሩን ወጪ እንከፍላለን፣ ትንሽም እንጨምራለን፣ ብቻ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብለህ ፈርም አለው። አባባ እስክሪብቶውን ይዞ ነበር። እኔ በአንድ እጄ የሰው ሹሩባ እንደያዝኩ ጨርቁን ገልጬ ወጣሁ። «አይፈርምም!» አልኩ። ደንበኛዬም ፀጉሯ በእጄ ስለሆነ ተጎትታ አብራኝ ወጣች። እሷ ደግሞ ማን ሆነች? ጠበቃ! ወጣት ናት፣ ቢሮዋ ከእኛ መንገድ ማዶ ነው። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ፣ ወረቀቱን አንብባ መለሰችለት።

አባባን ቢሮዋ ወሰድኩት። በደንብ አስረዳችን። «አባባ፣ መደርደሪያው ታጥፎ እያወቁ ስለተዉት ጥፋቱ የነሱ ነው፣ እሱ ላይ ብዙም አይከራከሩንም። የቀብሩንም ይከፍላሉ። ለሐዘናችሁ ብሎ ሕጉ የሚሰጣት አለች፣ እሷ ለስሙ ናት። ትልቁ ሌላ ነው። ልጅዎ ቢኖር ይረዳዎት የነበረውን መተካት አለባቸው። ካሳ ለሟች አይደለም የሚከፈለው፣ ለቀረው ነው።»

«እሺ» አለ አባባ።

«ግን ይረዳኝ ነበር ብለው መናገር አለብዎት።»

«ማን ፊት?»

«ዳኛው ፊት።»

«ብቻውን ነው?»

«ችሎት ክፍት ነው አባባ። የፈለገ ሰው ገብቶ ይሰማል።»

አባባ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። «ሌላ መንገድ የለም?» አለ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሳየው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የታሰረበት ሰው መሰለኝ፤ መነሳት ይፈልጋል፣ ግን ግማሽ ተላጭቷል።

ማስረጃ ስትለን ማስረጃ የለም። ገንዘቡ በባንክ አላለፈም፣ በቆርቆሮ ነው ያለፈው። አከራዩን ጠየቅነው። «እኔ ከጋሽ ምላጭ እጅ ነው የተቀበልኩት፣ አልዋሽም» አለ። ደግነቱ ፍርድ እስኪሰጥ ኪራዩን እታገሳለሁ አለ። ከተፈረደላችሁ ትከፍላላችሁ፣ ካልተፈረደላችሁ ሱቁን ትለቃላችሁ። በቃ፣ ያ ነበር ነገሩ። ደንበኞቹን ምስክር ሁኑልን ብንላቸው ራሳቸውን አከኩ። «ጋሽ ምላጭ፣ እኛ ከአንተ አፍ የሰማነው ሌላ ነው።» ስንት ዓመት ልጁን ይሸፍንበት የነበረው ወሬ አሁን በሩን ከውጭ ቆለፈበት።

ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን ዘበኛው ሊላጭ መጣ። ያ ባለ ጫማው። አባባ ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፈነው፣ ምላጩን አወጣ።

«ጋሽ ምላጭ» አለ ዘበኛው ከአረፋው ውስጥ፣ «መጥሪያ ደርሶኛል።»

«ከማን?»

«ከድርጅቱ። ምስክር ነህ አሉኝ።»

የምላጩ ድምፅ ቆመ። እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ማበጠሪያዬን አቆምኩ።

«ምን ልትል ነው?» አለ አባባ።

«ያልከውን ነዋ! ምን እላለሁ? አስምለው ነው የሚጠይቁኝ። ደሞ የምሠራው እነሱ ጋ ነው፣ አልሄድም ብል ነገ በር ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው።»

«ምን አልኩ?»

«አንተ ሰውዬ! 'ዶማው ሰባራ ሳንቲም አይሰጠኝም' አላልክም? እዚሁ ወንበር ላይ?»

አባባ ምላጩን በፎጣው ጠረገ። «ብያለሁ» አለ ኋላ። «አንገትህን ቀና አድርግ።»

«ኧረ ጋሽ ምላጭ፣ መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጥና ትንሽ አስብበት!»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ፣ ዘበኛውም ራሱ ሳቀ፣ ግን የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ እንደያዘ ነው። አባባ ላጨው። ጥርት አድርጎ፣ አንዲት ጭረት ሳያወጣበት ላጨው። ዘበኛው ሲከፍል፣ «ለኔስ እውነቱን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለው። «ላንተ?» አለ አባባ። «ያንተን ጫማ ነገርከኝ?»

እኔ ይቺን ስሰማ ነው የበራልኝ። ደንበኛዬን ካስክ ስር ትቼ መንገዱን ተሻግሬ ጠበቃዋ ጋ ሮጥኩ። የጫማውን ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፣ አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ጎበዝ ጎበዝ እያለ ያሳደጋት ናት። ከዚያ ስትረዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እና ሁሉም እንደዚህ ናቸው?» አለችኝ። «ሁሉም» አልኳት።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ናት። አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ አንድ መስኮት አለ፣ እሱም አይከፈትም። ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል፤ ሱቁ ነቅሎ የመጣ ነው የሚመስለው። አባባ እንደገባ መለስ ብሎ አያቸው፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ዳኛው ሽበታም ናቸው። የሚባለውን ይሰሙና ለጸሐፊዋ በራሳቸው አንደበት ጮክ ብለው ይደግሙላታል፣ እሷ በኮምፒውተር ትመታዋለች።

ጠበቃዋ ጠየቀች፣ «ልጅዎ ምን ያደርግልዎ ነበር?»

«ደህና ነበር» አለ አባባ።

«ደህና ሲሉ?»

«ክፉ አልነበረም።»

«አባባ፣ ምን ያደርግልዎት ነበር?»

አባባ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ከዚያ ወደ ዳኛው ጠጋ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብሎ በጆሯቸው ሊነግራቸው!

«ወደ ቦታዎ ይመለሱ» አሉ ዳኛው። «ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ይመዘገባል።»

«ለእርስዎ ብቻ ቢሆንስ ጌታዬ?»

ሰው ሳቀ። ዳኛው በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መቱ። አባባ ቀስ ብሎ፣ አፉን በእጁ ከለል አድርጎ፣ «ማታ ማታ እግሬን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ያሸኝ ነበር» አለ።

«ማታ ማታ እግሬን በሙቅ ውሃ ያሸኝ ነበር ብለዋል!» አሉ ዳኛው ለጸሐፊዋ፣ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው። አባባ ድንጋይ እንደተወረወረበት ሰው ጎንበስ አለ።

«በገንዘብስ?»

«የሱቁን ኪራይ... እሱ ነው።»

«የሱቁን ኪራይ የሚከፍልልኝ እሱ ነው ብለዋል!»

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ሌላስ?»

«ወንበሩን ገዝቶልኛል። ቁጡ አልነበረም። ሰድቤው መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።» ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፣ የዳኛው ድምፅ ደግሞ ያንኑ እየተቀበለ ያስተጋባል። ያ መስኮት ቢከፈት ኖሮ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ወንድሜ ሲመሰገን በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በአባባ ሹክሹክታና በዳኛ ጩኸት።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሳ። ቀጭን ነው፣ ትህትና ያበዛል። «አባቴ፣ ለደንበኞችዎ 'ሰባራ ሳንቲም አይሰጠኝም' ይሉ ነበር?»

«እል ነበር።»

«ለብዙ ዓመት?»

«ለብዙ ዓመት።»

«እንግዲያው የዋሹት ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?»

አባባ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ያኔ ነው ቢል ውሸታም ነው፣ ዛሬ ነው ቢል ልጁን ይክዳል። ዓይን ፈርቼ ነው ብሎ እንዳይናገር ደግሞ ያንን አውጥቶ መናገር ዓይንን መጥራት መሰለው። ጠበቃው በዚያ አልበቃውም። «ሴት ልጅም አለችዎ፣ ሠራተኛ ናት። እሷ ትረዳዎት የለ?»

«እሷ?» አለ አባባ፣ ሳያስብ፣ ከአፉ አምልጦት። «እሷ ጅል ናት! ምን ትረባለች!»

«ልጄ አትረዳኝም ብለዋል!» አሉ ዳኛው፣ ጸሐፊዋም መታችው። እኔ ከኋላ ሆኜ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ምሳውን የምገዛው እኔ ነኝ! ግን አያችሁ፣ ስድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን።

ዘበኛው ተጠራ፣ ማለ። የሰማውን ተናገረ፣ ምንም አልጨመረም። «ይህን ያህል ነው» አለና ሊወርድ ሲል ጠበቃችን ተነሳች።

«ልጅ አለዎት?»

«አለኝ።»

«ይረዳዎታል?»

ዘበኛው ወደ ድርጅቱ ጠበቃ አየ፣ ወደ እኛ አየ። «የሱ ነገር ይቅር።»

«መሐላ ላይ ነዎት ጋሼ።»

«ከንቱ ነው። ምኑም አይረባ።»

«ያደረጉትን ጫማ ማን ገዛልዎት?»

ዘበኛው እግሮቹን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ወድቆ አገኘሁት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ወድቆ? ሁለቱም?» አሉ። «እውነቱን ይናገሩ፣ አለዚያ በሐሰት ምስክርነት ያስጠይቅዎታል።»

አባባን እዚያው ቦታ ላይ ያቆመው ነገር አሁን ዘበኛውን ያዘው። ቢዋሽ እስር፣ እውነት ቢናገር ልጁ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «ልጄ ነው» አለ፤ እኔ እንኳ በግድ ነው የሰማሁት።

«ጫማውን የገዛልኝ ልጄ ነው ብለዋል!»

«ወይኔ ልጄን!» አለ ዘበኛው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ።

«ታዲያ ለምን ወድቆ አገኘሁት አሉ?» አለች ጠበቃዋ፣ አሁን ረጋ ብላ።

«ምን ልበል ታዲያ? ልጄን ላስበላው?»

ያኔ ማንም አልሳቀም። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚያ ፀጉር ቤት» አሉ፣ «ልጁን የሚያመሰግን ሰው አለ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ማን ደፍሮ!»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ይህንንም ለጸሐፊዋ አስመቷት፣ በዚህኛው ጊዜ ግን አልጮኹም።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ሟች የሱቁን ኪራይ ይከፍል እንደነበር ፍርድ ቤቱ ተቀብሏል፣ ድርጅቱ ያንን ድጋፍ ይተካ፣ የቀብሩንም፣ ለሐዘኑም ያችኑ ጥቂቷን። ለእግሩ ምንም የለም። ጠበቃዋን «እግሩስ?» ብላት፣ «እሱ አይቆጠርም» አለችኝ፣ እሷም ከፍቷት። እኔ ራሴ አባባን እግርህን ልሽህ ብለው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብሎ እስከ ዛሬ አላስነካኝም።

ሱቁ አልሄደም። በነጋታው አባባን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ «ስንት ተፈረደልህ?» ይሉታል። «ጥቂት ናት፣ ለቀብሩም አትበቃ» ይላል። እንግዲህ በካሳ ከበረ የሚለውም፣ ልጁን ሸጠ የሚለውም፣ ይህንን ሰምቶ አላመነውም ማለት ነው። ምን ያድርግ? ሌላ አነጋገር አያውቅም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። አንድ ደንበኛ «ነፍሱን ይማረው፣ ጥሩ ልጅ ነበር» ሲለው አባባ ከልማዱ «ያ ዶ...» ይልና ይቆማል። አሁን ማንን ይሸፍንበታል? ሊያመሰግነው ይችላል፣ ከእንግዲህ ማን ምን ያደርገዋል? ግን እሱም አይወጣለትም። መስደቡ ሄደ፣ ማመስገኑ አልመጣ፣ ስለ ወንድሜ የሚናገርበት አፍ አጣ። ምላጩን ያጥባል፣ ፓውደር ይነሰንሳል፣ ሱቁ ዝም ይላል።

ዘበኛው ከችሎቱ ወዲህ ጠፋ። ጺሙ አድጎ አድጎ መንገድ ላይ ሳየው አላወቅሁትም። አንድ ቀን ገባ፣ ሰላም ሳይል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል» አለ። «አየህ? ያንተ ጠበቃ ናት። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ! ደሞ ያ ዳኛ እንዴት እንደሚጮህ!»

አባባ ፎጣውን አሰረለት፣ አረፋውን ቀባው። ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሳለው፣ ከዚያ በዚያ በድሮ ድምፁ፣ መንገድ ድረስ በሚሰማው፣

«የቱ ልጅህ?» አለ። «ያ ድፍን ራስ? እሱ ነው የሚያስለው? ሲበላ አንቆት ነው!»

ዘበኛው ቀና ሊል ሲል አባባ ግንባሩን ይዞ መለሰው።

«እኔ እንዲህ ያለ ከንቱ አይቼ አላውቅም። ጫማ ሲገዛ እንኳ ቁጥሩን አያውቅ፣ ሊለውጠው እዚህ ድረስ ተንከራተተ።»

«አይ እሱ» አለ ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ፣ ገብቶት። «መንገድ ሲሻገር አይቸዋለሁ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።»

«ደመወዙን ቆጥሮ አያውቅም አሉ» አለ ሌላው።

«ሰነፍ ነው፣ ሰነፍ!» አልኩ እኔም ከመጋረጃው ወዲህ፣ ፀጉር የምቀጥልላት ደንበኛዬ «ሰው ታማለች» ብላ ዘወር አለች።

የዘበኛው ትከሻ ወረደ። እጀታውን ይዞ የነበረው እጁ ተከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ጨምር» አለ ከአረፋው ውስጥ።

አባባም ጨመረ። «ይበላል፣ ይተኛል። አንተ ቆመህ እያደርክ እሱን ትቀልባለህ። ወንበር ይዛችሁ ጠብቁ፣ ሲገባ ይሰብራል። እግዜር ለቀጠረው ይዘንለት።» ስድቦቹን አንድ በአንድ አወቅኋቸው። የወንድሜ ናቸው። አንዱን ሳይረሳ አወጣቸው፣ ምላጩም እየሄደ ነው።

መጨረሻ ላይ ድምፁ ቀነሰ።

«ዶማ ነው» አለ። «ዶማ።»

ፎጣውን ፈቶ አራገፈው፣ ቀጣዩንም ጠራ።